የሃይድሮጂን ሟሚነት በዚርኮኒየም ቅይጦች

የሃይድሮጂን ሟሚነት ዚርኮኒየም፣ ሃይድራይድ (የብረቱና የሃይድሮጂን ውህድ) ሳይፈጥር፣ አሟሙቶ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ የሃይድሮጂን መጠን ነው። ወሰኑ በሙቀት ይለዋወጣል፦ በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በክብደት ከሚሊዮን 200 እጅ ገደማ፣ በ300 ዲግሪ ወደ 70፣ በክፍል ሙቀት ግን ከ1 በታች ነው። ስለዚህ ቅይጦቹ የሚያገለግሉበት የኒውክሌር ማብላያ ሲቀዘቅዝ ትርፉ ሃይድሮጂን ተሰባሪ ሃይድራይድ ሆኖ ይዘቅጣል።

አማካይ ይዘቱ ከወሰኑ በታች እስከሆነ ድረስ ስጋት የለም የሚል ክርክር ይነሳል። ይሁንና ሃይድሮጂን ወደ ቀዝቃዛና ወደ ተወጠረ ቦታ ስለሚፈልስ አማካዩ ብቻውን አያስተማምንም። በ1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ ፒከሪንግ የኒውክሌር ጣቢያ የተሰነጠቀው የዚርካሎይ-2 (የዚርኮኒየም ቅይጥ) የግፊት ቱቦ ለዚህ ምስክር ነው፤ ቱቦው ቀዝቃዛውን የውጭ ቱቦ በነካበት ስፍራ ሃይድሮጂን ተከማችቶ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ሲቀዘቅዝ ዝቅጠቱ የሚጀምረው ሲሞቅ ሃይድራይዱ ሟሙቶ ከሚያልቅበት ባነሰ ሙቀት ነው። እንግዲህ የሟሚነት ወሰን አንድ ቋሚ ቁጥር ሳይሆን ከሙቀቱ፣ ከውጥረቱና ከቅይጡ የሙቀት ታሪክ ጋር አብሮ መነበብ ያለበት ልኬት ነው።