ሲሮጡ የጫኑት ሶፍትዌር

ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር በኩል ወደ ጊደር መጋላ የወረደ ሰው የስፌት መኪናውን ጩኸት ያውቀዋል። መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚያው ጩኸት ነው። የስፌት መኪና ሲታመም ይሰማል። ሪሲቨር ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሞተው። እኔ አንዱን ገድያለሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምስል ሲጠፋ መድኃኒቱ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴና ማዞር ነበር። ናይልሳት በ1990 ዓ.ም. መጥቆ የዲሹ ዘመን ሲስፋፋም ያው ጣራ መውጣት አልቀረም። በኋላ ሪሲቨሩ የፍላሽ ቀዳዳ ሲያበጅ ግን ሁላችንም ቤታችን ቁጭ ብለን ሐኪም ሆንን።

በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ቻናሎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት መዛወር ጀመሩ። ናይልሳት ያለው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ። በዚያው ክረምት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት «ልጄ፣ አማርኛው ጠፋብኝ» ብለው ጠሩኝ። የመካው ሶላት ግን ይታያቸዋል። የኮሮና ጊዜ ስለነበር ከቤት አይወጡም፤ መጽናኛቸውም እሱ ነበር። እኔም ዲሹን ቀና ብዬ ሳላይ «ሶፍትዌሩ አርጅቶ ነው» አልኩ። ፍላሼን ሰካሁ። ቆጣሪው ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ! ሲመለስ ሪሲቨሩ ቀይ መብራት ብቻ አብርቶ ቀረ። የመካውም ሶላት አብሮ ጠፋ።

ተሸክሜው ጊደር መጋላ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውየው ሳቀና «ወንድሜ፣ አዲሱ የሚጻፈው አሮጌው ከተደመሰሰ በኋላ ነው። አንተ መሐል ላይ ነው ያቋረጥከው» አለኝ። ደግነቱ ማስነሻው ክፍል ስላልተነካ፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በማግስቱ አስነሳልኝ። እግረ መንገዱንም አስተማረኝ፦ ከውጭ መንትያ የሚመስሉ ሪሲቨሮች ሆዳቸው ይለያያል፤ ስለዚህ ሞዴሉንና የሃርድዌሩን ቁጥር ከሜኑው ላይ አይተህ ለሱ ብቻ የተሠራውን ፋይል ጫን። ሜኑው ከፈቀደ አሮጌውን ሶፍትዌርና የቻናሉን ዝርዝር አስቀድመህ ፍላሽ ላይ አስቀር። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ይሁን። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምር፤ ከጀመርክም ራሱ ጠፍቶ እስኪነሳ አትንካው። ደግሞም ሶፍትዌር ኤችዲ የማያነበውን ሪሲቨር ኤችዲ አያደርገውም።

ከሁሉ በፊት ግን «በሽታው ሶፍትዌር ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለኔ ነው! ዞሮ ዞሮ መፍትሔው ወደ ምሥራቅ የዞረ ሁለተኛ ዲሽ ሆነ። የመካውም፣ አማርኛውም በአንድ ሪሲቨር ገባ።

እናትየው ሻይ ቀድተው ሲሰጡኝ «ልጄ፣ ሁለተኛ መጀመሪያ ጣራውን እይ» አሉኝ።