የግራፊክስ ካርድና የሊኑክስ ዕርቅ

ሰው በገንዘቡ የገዛው መሣሪያ በእርግጥ የራሱ የሚሆነው መቼ ነው? በቤቱ ስለ ተቀመጠ ብቻ ነውን፤ ወይስ አሠራሩን ዐውቆ እንደ ፈቃዱ ሲያዝዘው? ይህ ጥያቄ በማረሻና በወፍጮ ዘመን ቀላል ነበር፤ በኮምፒዩተር ዘመን ግን ከባድ ሆኗል። ዛሬ ለጨዋታ የገዙትን ኮምፒዩተር ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለማዛወር የሚያስቡ ሰዎች ስለ በዙ፣ ነገሩ ከምን ተነሥቶ ከምን እንደ ደረሰ በአጭሩ ልናመለክት ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊኑክስን በ1991 የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። በ1992ም ማንኛውም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው በሚፈቅድ ውል ሥር አደረገው። ሥራው በዩኒቨርሲቲዎችና በታላላቅ ሰርቨሮች ላይ ተስፋፋ፤ በጨዋታ በኩል ግን ወደ ኋላ ቀረ። ምክንያቱም ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ጨዋታዎቹ በአብዛኛው የተጻፉት ለዊንዶውስ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ግራፊክስ ካርድ ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ትእዛዙን ወደ ራሱ ቋንቋ የሚመልስለት ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም ከሌለው፣ አስተርጓሚ እንደሌለው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ፕሮግራም ለመጻፍ ደግሞ የካርዱን የውስጥ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምሥጢሩ ግን በሠሪዎቹ እጅ ነበር።

ከሠሪዎቹ አንዱ ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨር መስጠቱ ባይቀርም፣ ፕሮግራሙ ለአንባቢ የተዘጋ ነበር። ስለዚህ ፈቃደኞች ኑቮ የተባለውን ክፍት ድራይቨር ለመሥራት፣ የካርዱን ጠባይ ከውጭ እየመረመሩ ብዙ ዓመት ደከሙ። ቶርቫልድስ ራሱ በ2012 በፊንላንድ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ይህን ኩባንያ በብርቱ ቃል ወቀሰ። ኤኤምዲ ግን ኤቲአይን በ2006 ከገዛ በኋላ፣ በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ለመግለጥ ወሰነ፤ በ2015ም ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ክፍት ድራይቨር በሊኑክስ ከርነል 4.2 ውስጥ ገባ። ኤንቪዲያም በ2022 የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ከፈተ።

በጨዋታዎቹም በኩል ትግሉ ረጅም ነበር። በ1998 የተቋቋመው ሎኪ ሶፍትዌር ጨዋታዎችን አንድ በአንድ ወደ ሊኑክስ ያዛውር ነበር፤ ገበያው አልበቃውምና በ2002 ተዘጋ። በ1993 የተጀመረው ዋይን ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ ይኸውም ፕሮግራሙን ሳይለውጡ፣ ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ሊኑክስ በሚገባው ቋንቋ ማቅረብ ነው። ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር ባለቤት ቫልቭ፣ በ2013 መደብሩን ወደ ሊኑክስ አመጣ። በ2015 የቀረቡት ስቲም ማሽኖች ገበያ ባያገኙም ሥራውን አልተወም። በ2018 በዋይን ላይ የተመሠረተውን ፕሮቶን አወጣ፤ በውስጡም የዊንዶውስን የሥዕል ትእዛዝ ወደ ቩልካን የሚተረጉመው ዲኤክስቪኬ ነበረበት። በ2022ም በሊኑክስ የሚሠራው ስቲም ዴክ ለሽያጭ ቀረበ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የፈቃደኞች ድካምና የነጋዴ ገንዘብ ተባብረው ተዘግቶ የኖረውን በር ከፈቱት።

ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ በማቆሙ፣ በዚህ በር ለመግባት ያሰበው ሰው ቍጥር ጨመረ። ነገር ግን ሳያስተውሉ መግባት አይገባም። የኤኤምዲ ካርድ ድራይቨር የሚገኘው በከርነሉና ሜሳ በተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ ስለ ሆነ፣ አዲስ ካርድ በአሮጌ ከርነል ላይ የተተከለ እንደ ሆነ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይታወቅም። ስለዚህ ካርዱ አዲስ ሲሆን፣ ከርነሉም ሜሳውም አዲስ የሆነውን የሊኑክስ ዓይነት መምረጥ ያሻል። እንደ ቫሎራንት ያሉ፣ ማጭበርበርን የሚከለክል ጠባቂ ያላቸው አንዳንድ ጨዋታዎችም በሊኑክስ አይሠሩም፤ ይህም በአብዛኛው የባለቤቶቻቸው ውሳኔ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ሊኑክስን ለጨዋታ ያበቃው የካርዱ ጉልበት ብቻ አለመሆኑን ነው። ጉልበቱ ቀድሞም ነበር፤ የጐደለው የተገለጠ ዕውቀት ነበር። ዕውቀቱ በተገለጠ መጠን፣ ገዢው ለገዛው መሣሪያ ጌታ ለመሆን ቀረበ።