ስለ ተራራ አየር መለኪያ፤ ቢቸናና ሞጣ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ከጮቄ የሚወርደውን ንጹሕ አየር ማመስገን ልማዱ ነው። ይሁን እንጂ ያ አየር ባዶ አይደለም። ጥዱም፥ ባሕር ዛፉም፥ የማድ ቤቱም ጢስ በቀላሉ የሚተኑ ኦርጋኒክ ውሑዶችን ይለቁበታል። ከነዚህ የትኛው የተፈጥሮ፥ የትኛው የሰው ሥራ ይባላል?

ጥያቄው የተነሣው ከኛ አገር አይደለም። ሃገን ስሚት የተባለው ኬሚስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የመኪናና የነዳጅ ማጣሪያ ትነት በፀሐይ ብርሃን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ በሎስ አንጀለስ ላይ ኦዞን እንደሚያስገኝ አሳየ። ፍሪትስ ቬንት ደግሞ በ1960 በተራሮች ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ ከዕፀዋት ትነት እንደሚመጣ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ዛፍ በአንድ መዝገብ፥ ጢስ በሌላ መዝገብ ይጻፋል።

ይህ አከፋፈል በምሥራቅ ጎጃም ይሰናከላል። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባ ዛፍ ነው። ዛሬ ገበሬው የሚሸጠውም፥ የሚያነደውም፥ ቤት የሚሠራበትም እርሱ ነው። ቅጠሉ አይሶፕሪንና ቴርፒን የተባሉትን ትነቶች በብዛት ይሰጣል፤ ሰው ተክሎት ሳለ በመዝገብ «ተፈጥሮ» ይባላል። እንዲህ ከሆነ በሰው መዝገብ በዋናነት የሚቀረው የእናቶቻችን ምድጃ ይሆናል፤ ይህ በኔ አስተያየት ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። በደብሩ ቅጥር ያለው የሐበሻ ጥድ በእውነት ነባር ነው፤ ነገር ግን እርሱም የቆየው ሰዎች እንዳይቈረጥ ስለ ጠበቁት ነው።

በመሣሪያ መለየት ይቻላልን? ከነዳጅ ዘይት የወጣ ትነት ካርቦን 14 የለውም፤ ከዛፍ የወጣው ግን አለው። ይህ ዘዴ መኪና በበዛበት ከተማ ይረዳል። በሞጣ ግን ምድጃው የሚያነደው ያንኑ ባሕር ዛፍ ስለ ሆነ፥ ጢሱና ቅጠሉ በካርቦን አይለዩም። የሚሻለው በሰዓት መለየት ነው። ቅጠል አይሶፕሪን የሚሰጠው በብርሃንና በሙቀት ነው፤ ሲመሽ ያቆማል። ከጢስ የሚወጣው ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ስሙን የሚጋራው ውሑድ) የሚበረክተው እሳት በሚነድድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በቀትርና በራት ሰዓት አየሩን በብረት ዕቃ አሽጎ በጋዝ ክሮማቶግራፍ መመርመር ያስፈልጋል። ቴርፒን ግን ያስቸግራል፤ በቅጠሉ ውስጥ ተከማችቶ ስለሚቆይ ሌሊትም ይተናል፥ ቅጠሉ ሲቃጠልም ይወጣል።

መሣሪያውን ይዞ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በ1960 ዓ.ም. ስለ እርሻ ገቢ ግብር ግምት በመጣ ጊዜ የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች ርስታችን ሊለካ ነው ብለው ተነሥተዋል። አየርም ቢሆን ለምን እንደሚለካ አስቀድሞ ለባለ አገሩ ማስረዳት ይገባል።