ኪታቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው፦ ከባግዳዱ ወራቅ እስከ እጃችን ስልክ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ስልኩን ይዞ ወደኔ መጣ። «ኡስታዝ፣ ይቺን ግሩፓችን ላይ ልልቀቃት?» አለኝ። አየኋት። አበባ ያለበት ምስል ነው፤ መሐሉ ላይ ዕውቀትን እስከ ቻይና ድረስ ስለመፈለግ የሚናገረው የታወቀው ቃል ተጽፏል፤ ከሥሩ «ሶሒሕ አል-ቡኻሪ» ይላል። ቁጥር የለውም፣ ባብ የለውም።

«ቆይ» አልኩት። ቆይ ያልኩት ዐዋቂ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ይችኑ ቃል በአንድ የኒካሕ ዝግጅት ላይ ማይክ ይዤ «ቡኻሪ ዘግበውታል» ብዬ ተናግሬያታለሁ። ከወረድኩ በኋላ ኪታብ ያስቀሩኝ ሸኽ ወደ ጥግ ጠሩኝና «ልጄ፣ የትኛው ባብ ላይ አገኘኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ምንም አልጨመሩም። በሰው ፊት ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወጣቱ ጋር መስጂዱ ጥግ ተቀምጠን ፈለግን። ቡኻሪ ውስጥ የለም። በይሀቂ «ሹዐቡል ኢማን» ላይ አስፍረውታል፤ ነገር ግን ቃሉ የታወቀ ቢሆንም ሰነዱ ደካማ መሆኑን እዚያው ተናግረዋል። ኢብኑል ጀውዚ ደግሞ የተቀጠፉ ሐዲሦችን በሰበሰቡበት ኪታብ ውስጥ ከተውታል። በ902 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የግብጹ ዓሊም ሰኻዊ «አል-መቃሲዱል ሐሰና» የሚባል ኪታብ አላቸው፤ በሰው አንደበት ላይ የሚመላለሱትን ሐዲሦች በፊደል ቅደም ተከተል ደርድረው የእያንዳንዱን ምንጭና ደረጃ የሚነግሩበት ነው። የኛው ቃል እዚያም ተገኘ። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ግድም «ይሄ ነገር እውነት ሐዲሥ ነው ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወጣቱን የገረመው ፍጥነቱ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ሩብ ሰዓት የሺህ ዓመት ልፋት ያለበት መሆኑ ነው። በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የማጣቀሻ ክፍል የሚባል አለ። እዚያ የሚቀመጠው ባለሙያ ሥራው ሁሉን ማወቅ አይደለም፤ ለጠያቂው መልሱ የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ሕትመት፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ መምራት ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይጀመራል። እኛ ከባግዳድ እንጀምር።

አቡል ፈረጅ ሙሐመድ ኢብኑ ኢስሐቅ፣ በተለምዶ ኢብኑን-ነዲም የሚባለው፣ ወራቅ ነበር። ወራቅ ማለት ኪታብ የሚገለብጥ፣ ወረቀትና መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ነው። ወደ ወራቅ ሱቅ የሚመጣው ደንበኛ የሚጠይቀውን መገመት አይከብድም፦ እገሌ ስንት ኪታብ ጻፈ? ያ ኪታብ ሙሉው ይገኛል ወይስ ከፊሉ? ኢብኑን-ነዲም በ377 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 987/88) «አል-ፊህሪስት»ን ጻፈ። ዓላማው በዐረብኛ ያሉትን የዐረቦችንም የሌሎች ሕዝቦችንም መጻሕፍት ከነጸሐፊዎቻቸው መመዝገብ ነበር። አሥር መቃላ አለው፤ ከመለኮታዊ መጻሕፍት፣ ከነሕው፣ ከታሪክ፣ ከግጥም፣ ከከላም፣ ከፊቅህና ሐዲሥ ተነሥቶ እስከ ፍልስፍና፣ ተረት፣ የሌሎች ሃይማኖቶች ነገርና አልኬሚ ይደርሳል። እሱ የማያምንበትን ነገር የጻፈ ሰው እንኳ ስሙ አልተዘለለም።

እኔ ከሁሉ የምወድለት ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ስለ ገጣሚዎች ሲጽፍ የእገሌ ግጥም ይህን ያህል ቅጠል ነው ይላል። ቅጠል ሲል ግን የትኛውን ቅጠል ማለቱ እንደሆነ ያስረዳል፦ ሱለይማኒ የሚባለውን፣ በአንዱ ገጽ 20 መስመር ያለውን ነው። ደግሞም ይህ በግምት፣ በዓመታት ውስጥ ባየው ልክ የተነገረ እንጂ ተቆጥሮ የተረጋገጠ እንዳልሆነ ይጨምራል። ስለ አንድ ኪታብ ሲያወራም በእገሌ የእጅ ጽሑፍ አየሁት፣ ከእገሌ ጽሑፍ አነበብኩት ይላል። ቀኑን ያላወቀው ሰው ሲያጋጥመው ደግሞ ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል። ያየውንና የሰማውን አይቀላቅልም። ዛሬ የምንቀባበለው ስክሪንሾት የጎደለው ይኸው ነው።

ለኛ ለሐበሾች ደግሞ እዚያ ኪታብ ውስጥ የተቀመጠልን ነገር አለ። በመጀመሪያው መቃላ ስለ ሕዝቦች ፊደላት ሲያወራ የሐበሻን ፊደል ያነሣል። ከሒምየር ፊደል ጋር ያመሳስለዋል፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚጻፍ ይናገራል፣ ቃልና ቃል በሦስት ነጥብ እንደሚለይ ይገልጻል (እኛ የምናውቀው ሁለት ነጥብ ነው፤ እንዴት ሦስት እንዳለው አላህ ይወቅ)። የፊደሉንም ናሙና ከኸሊፋ አል-መእሙን የመጻሕፍት ግምጃ ቤት እንደገለበጠ ምንጩን ይጠቅሳል። ይቺን አሁን የምታነቡባትን ፊደል ባግዳድ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ከሺህ ዓመት በፊት በምንጯ መዝግቧታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1258 ሞንጎሎች ባግዳድን ሲያጠፉ ብዙ ኪታብ ጠፋ። በፊህሪስት ከተዘረዘሩት ውስጥ ብዙዎቹን ዛሬ የምናውቃቸው በስማቸው ብቻ ነው።

ከዚህ ዘለን ወደ ዑስማንያዎች ዘመን እንሂድ። ሐጂ ኸሊፋ፣ በቱርኮች ዘንድ ካቲብ ቸለቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1609 ኢስታንቡል ተወለደ። የጦር ሠራዊቱ ጸሐፊ ነበር። በ1633 ሠራዊቱ ሐለብ ላይ ሲከርም እሱ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ እየዞረ የኪታብ ስም ይመዘግብ ጀመር። በኋላም የወረሰውን ገንዘብ መጽሐፍ ገዛበት። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የለፋበት «ከሽፉዝ-ዙኑን» ከ14,000 በላይ የኪታብ ስሞችን በፊደል ተራ ይዟል። እሱ ራሱ ያየውን ኪታብ ሲመዘግብ መክፈቻ ቃሉን ጭምር ይጽፋል። ይሄ ምን ይጠቅማል? አያታችሁ ሣጥን ውስጥ ሽፋኑና የፊት ቅጠሉ የተቀደደ ኪታብ ብታገኙ፣ ከሐምዱ ቀጥሎ ያለችው የመጀመሪያ መስመር እስካለች ድረስ ስሙን መፈለግ ትችላላችሁ። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ከሽፉዝ-ዙኑን»ን ከላቲን ትርጉም ጋር በ7 ጥራዝ ያሳተመው ጉስታቭ ፍሉገል የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ከ1835 እስከ 1858 ፈጀበት። ይኸው ሰው በ1842 የቁርኣንን ቃላት መፈለጊያ ማውጫ አሳተመ። ያዘጋጀው «አል-ፊህሪስት» ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ በ1871 እና 72 ወጣ። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ የኛን ኪታብ ሙስሊም ያልሆነ ሰው እንዴት ያዘጋጃል? ግብጻዊው ሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱልባቂ ግን ቅር አላላቸውም። ዛሬ በየመድረሳው ያለውን የቁርኣን ቃላት ማውጫ በ1945 ሲያወጡ በፍሉገል ሥራ ላይ መመሥረታቸውን መግቢያው ላይ ተናግረዋል፤ ስሕተቱንም አርመዋል። በሐዲሥም ከሆላንዳዊው ዌንሲንክ ጋር እንዲሁ ነው፤ የሱን የሐዲሥ መመሪያ ወደ ዐረብኛ መለሱት። ዌንሲንክ የጀመረው፣ የዘጠኙን የሐዲሥ ኪታቦች ቃላት የሚያወጣው ትልቁ ማውጫ ከ1936 ጀምሮ በሌይደን መታተም ያዘ። እሱ በ1939 ሞተ፤ ሰባተኛው ጥራዝ የወጣው በ1969 ነው።

ዐብዱልባቂ ለሐዲሦች ቁጥርም ሰጥተዋል። በሳቸው አቆጣጠር ሶሒሕ አል-ቡኻሪ 7563 ላይ ያበቃል፤ ሶሒሕ ሙስሊም 3033 ላይ። እንግዲህ «ቡኻሪ 8120» የሚል ምስል ሲደርሳችሁ ጠርጥሩ። ቸኩላችሁ ግን ውሸት አትበሉ፤ ሌላ አቆጣጠር የሚከተሉ ሕትመቶች አሉ፣ በተለይ በሙስሊም ላይ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ የሚሆንበት አለ። ቁጥር ያለ ሕትመቱ ስም ግማሽ አድራሻ ነው።

ዛሬ ይህ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። «አል-መክተበቱሽ-ሻሚላ» በነጻ ይወርዳል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኪታቦች አሉት፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከኪታቡ መረጃ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ አብዛኛው ሰው አያያትም። ገጹ «ሙዋፊቅ ሊል-መጥቡዕ» የሚል ከሆነ የገጹ ቁጥር ከታተመው ጋር ይገጥማል፤ መጥቀስ ትችላላችሁ። «ሙረቀም ኣሊየን» የሚል ከሆነ ግን ቁጥሩን ያወጣው ማሽን ነው፤ ያንን ቁጥር ብትጠቅሱ ማንም መደርደሪያ ላይ አያገኘውም። ሌላም አለ፦ የታይፕ ግድፈት። አንዲት «ላ» ብትወድቅ ፍርዱ ይገለበጣል። ስለዚህ ከባድ ነገር ሲሆን የታተመውን ኪታብ ፎቶ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ፈልጋችሁ አስተያዩ። ሐዲሥ ከሆነ «አድ-ዱረሩስ-ሰኒያ» የሚባለው ገጽ የትኛው ሙሐዲሥ በየትኛው ኪታቡ ምን እንዳለበት ለይቶ ያሳያል።

ስልክ ላይ አለ ማለት ግን ሁልጊዜ አለ ማለት አይደለም። በጥቅምት 2023 የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተመታ፤ የመጻሕፍት ማውጫው በኢንተርኔት ተመልሶ የተከፈተው በቀጣዩ ጥር ነው። ዓመት ቆይቶ በጥቅምት 2024 ኢንተርኔት አርካይቭም ተመትቶ ለቀናት ተዘጋ። ሞንጎል አያስፈልግም። የምትፈልጉትን ኪታብ አውርዳችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

የኛስ አገር ዑለማእ የጻፉት? ከምናስበው በላይ ተመዝግቧል፤ ከሚገባው በታች ደግሞ ነው። በ2003 የታተመው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊሞች ጽሑፍ ማውጫ የኢትዮጵያ ክፍል አለው፤ የወሎን ኢስላም ታሪክ የጻፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሑሴን አሕመድ ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበሩ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉት የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር በ2014 በአሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት ታትሟል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት የቲምቡክቱን ጨምሮ ብዙ የእጅ ጽሑፎችን በነጻ በኢንተርኔት ያሳያል፤ ስም ማስመዝገብ ብቻ ይበቃል። ይኸው ተቋም ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ማይክሮፊልም ያነሣ ነበር፤ ያነሣው ግን በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ነው። በየገጠሩ ሐሪማ፣ በየሸኹ ቤት ሣጥን ያለው ኪታብ ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ብዙ አለ።

ያ ወጣት የዚያን ምሽት ሲሄድ ቆም ብሎ «ኡስታዝ፣ አያቴ ቤት ገጠር የፊት ቅጠሉ የወለቀ ኪታብ አለ፤ ስሙን ማንም አያውቀውም» አለኝ። የቀረውን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ባለፈው ጁሙዓ ላከው። የሐምዱ መጨረሻ ይታያል፤ ከዚያ ሁለት መስመር በምስጥ ተበልቷል፤ ከዚያ «አማ በዕድ» ይላል። በሐጂ ኸሊፋም በሻሚላም ፈለግነው፣ እስካሁን አላገኘነውም። ከናንተ ውስጥ በፊቅህ ኪታብ መክፈቻ ላይ ዓይን ያለው ደረሳ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ፎቶውን እልክለታለሁ።

ወሏሁ አዕለም።