የሕፃናት ጥያቄ በፋሲካ ሌሊት

ፋሲካን ለሕፃናት የመንገር ሥርዐት ከኦሪት የወረደ ነው። በዘፀአት በምዕራፍ 12 እስራኤል በጉን ከቂጣና ከመራራ ቅጠል ጋራ እንዲበሉ ከታዘዙ በኋላ፥ ልጆቻቸው ይህ ሥርዐት ምንድር ነው ብለው በጠየቁ ጊዜ የሚመልሱላቸው ቃል ተሰጥቷቸዋል። ጥያቄው ከትምህርቱ መቅደሙን ማስተዋል ይገባል። አባት አስቀድሞ ነገር አያበዛም፤ ልጅ ባየው ይጠይቃል እንጂ። መልሱም የግብፃውያንን መመታት ከልጁ አይሰውርም። ደግሞም በጉ ወሩ በባተ በ10ኛው ቀን ተለይቶ እስከ 14ኛው ቀን ይጠበቅ ነበርና፥ ልጆቹ ሳይለምዱት አይታረድም ነበር።

ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ ዕብራይስጡ ፔሳሕ፥ ጽርዑ ፓስኻ ያለውን ግእዙ ፋሲካ ይለዋል፤ ማለፍ ማለት ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት ኤጌርያ የምትባል ከምዕራብ አገር የመጣች መንፈሳዊት ሴት ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ነበር፤ ሊቃውንት ዘመኑን ከ381 እስከ 384 ዓመተ እግዚእ ያደርጉታል። በሆሳዕና ዕለት ሕዝቡ ከደብረ ዘይት ሲወርድ፥ መሄድ የማይችሉ ሕፃናት እንኳ በወላጆቻቸው ትከሻ ሆነው ዘንባባና የወይራ ቅጠል ይዘው እንደ ነበር ጽፋለች። በትንሣኤ ሳምንትም ኤጲስ ቆጶሱ የጥምቀትን ምሥጢር ለተጠማቂዎች የሚተረጕምላቸው ከተጠመቁ በኋላ ነበር፤ እርሱ በጽርዕ ሲናገር ካህን ወደ ሱርስት ይመልስለት ነበር። እነዚያ አብዛኞቹ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ማየት አስቀድሞ መስማት መከተሉ ከኦሪቱ ጋራ አንድ ነው።

በኢትዮጵያም የሰሙነ ሕማማት ሥርዐት ሁሉ ሕፃንን የሚያስጠይቅ ነው። በሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት በጣቱ ይደረግለታል፤ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይበላል፤ በዓርብ ታላላቆቹ ሲሰግዱ እያየ ይወድቃል ይነሣል። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው መሳም መቅረቱ ነው። እናቱ ስትከለክለው፥ ለምን አትስሚኝም ይላታል፤ እርስዋም ይሁዳ ጌታውን በመሳም እንደ ሸጠው ትነግረዋለች። ይህን የሰማ ልጅ ስለ ክሕደት ብዙ መጽሐፍ ካነበበ ሰው አያንስም።

በቅዳም ሥዑር ካህናቱ ቄጤማ እየያዙ በየቤቱ ሲዞሩ፥ ርግብ ለኖኅ የወይራ ቅጠል እንዳመጣችለት የኀጢአት ውኃ ጐደለ ማለታቸው ነው፤ ልጁም በግንባሩ ያስረዋል።

ዛሬ ግን አንዳንድ መምህር ከባሕርይና ከአካል ትርጓሜ ይጀምርና ልጁን ያስተኛዋል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ሕፃን ሞትን አይስማ ብሎ ዓርብን ዘልሎ በእሑድ ይጀምራል። ይህ የሚያስገርም ነው፤ ሞቶ ያልተቀበረ እንዴት ተነሣ ይባላል? ልጁስ ሞትን መች አጣው? ለበዓል የተገዛውን በግ ሁለት ሦስት ቀን ሣር ሲያበላ ሰንብቶ፥ በዋዜማው ገመዱን ባዶ ያገኘዋል፤ ያለቅሳልም። ዶሮ ሲጮኽም ቄጤማው በግንባሩ ጠውልጎ ከእንቅልፉ ይነሣና፥ በጉ ምን አድርጎ ታረደ ብሎ አባቱን ይጠይቀዋል።