የማይቆመው መምህር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የፕላዝማውን ዘመን ላውጋችሁ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ ገና ስሙን ስጠራ ትዝታው ይቀሰቀስበታል። ያልደረሰበት ደግሞ ይስማ፤ የሀገራችን ትምህርት ቤት ካያቸው የቴክኖሎጂ ሙከራዎች መካከል እንደዚያ ሰፊና ደፋር የሆነ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ላድርስ ብሎ ተነሣ። ከ400 በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች ዲሽ ተተከለ። በየክፍሉ፣ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ ሰፊና ስስ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ተቆለፈበት። መብራት ላልደረሰበት ትምህርት ቤት ጄኔሬተር ተላከ። የሒሳቡ፣ የፊዚክሱ፣ የኬሚስትሪው፣ የባዮሎጂው፣ የእንግሊዝኛው ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ መጣ። ተማሪውም ቴሌቪዥኑን፣ ትምህርቱን፣ በውስጡ የሚናገረውንም ሰው በአንድ ስም ጠራው፤ ፕላዝማ። «ዛሬ ፕላዝማ አለን?» «ፕላዝማው ጀምሯል፣ ሩጥ!»

ሐሳቡን በችኮላ አትናቁት። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ በየወረዳው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ተማሪው ጎረፈ፤ መምህሩ ግን በዚያው ፍጥነት አልተገኘም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የመጣ ልጅ አንድ ክረምት ከርሞ ሲመለስ ሌላ ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ መምህሩም ራሱ በዚያ ቋንቋ ሲቸገር ይታያል። ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነበር። እንግዲህ የጎዴ ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ጎበዝ አስተማሪ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማሩ ማለት የፍትሕ ሐሳብ ነበር። ዛሬም አከብረዋለሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ደወል ተደውሏል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ያህል ነው። መምህሩ ቁልፉን ከፍቶ ቴሌቪዥኑን ያበራል፤ ለመግቢያ የተሰጠችው ጥቂት ደቂቃ ናት። ከዚያ ሥርጭቱ ይጀምርና ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘልቃል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አስተማሪ ዝግጅቱ ያማረ፣ እንግሊዝኛው የፈጠነ፣ ቅላጼው ለእኛ ልጆች ጆሮ እንግዳ ነው። ቀመሩን ያስረዳል፤ ምሳሌ ይሠራል፤ ጥያቄ ይሰጣል። ከዚያ ሰዓት መቁጠሪያው ብቅ ይላል፤ ሴኮንዶቹ ወደ ታች መቁጠር ይጀምራሉ።

አንዲት ልጅ አስቡልኝ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ጥያቄውን ከስክሪኑ ላይ ገልብጣ ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። መልሱ ይመጣል፤ አስተማሪውም «ጎበዞች!» ብሎ ያመሰግናል። ማንን ነው የሚያመሰግነው? በክፍሉ ከተቀመጡት 70 ልጆች አንድም የጨረሰ ላይኖር ይችላል። እርሱ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እሱ የተናገረው ገና ድሮ፣ በሌላ ሀገር፣ ካሜራ ፊት ቆሞ ነው። ልጅቱ እጇን ብታወጣ አያያትም፤ «አልገባኝም» ብትል አይሰማትም። ቀጣዩ ርዕስ ይመጣል። ባልደረቀ ምርጊት ላይ ሌላ ምርጊት እንደሚለሰንበት ግድግዳ፣ ካልገባት ትምህርት ላይ ሌላ ያልገባት ትምህርት ይደረብባታል።

መምህሩስ? እኔን የሚያንገበግበኝ የእርሱ ነገር ነው። የልጅቱን ፊት ያያል። እስክሪብቶዋ መቆሙን፣ ዐይኗ መቅበዝበዙን ያያል። ፕላዝማ በሌለበት ቀን ቢሆን ጠመኔውን አንሥቶ «ቆይ፣ ከዚህ ላይ እንመለስ» ይላት ነበር። አሁን ግን ማቆም አይችልም። ሥርጭቱ በየትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚደርስ ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቢያጠፋው ያመለጠው አመለጠ። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ላስረዳ ቢል ድምፁ ከስክሪኑ ድምፅ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። «ሥራችን ማብራትና ማጥፋት ሆነ» ብለው ያዘኑ መምህራን ጥቂት አልነበሩም። ይህ ሰው ዓመታት ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ተመርቆ የመጣ ነው። በክፍሉ ውስጥ ልጆቹን የሚያውቅ ብቸኛው ሰው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚያውቀውን እንዳይሠራበት ተደረገ።

መብራት የጠፋ ዕለትማ አይነሣ። ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣው በጀት ይፈልጋል። መብራቱ ሲመለስ የዕለቱ ትምህርት ሄዷል፤ ነገ ደግሞ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያው ሚኒስቴር፣ ሌላ ትልቅ ሥራም ተጀምሮ ነበር። ነባር መምህራን «ቴሶ» የሚሉትን የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ያስታውሱታል፤ በ1995 ዓ.ም. ግድም የመጣ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር። መምህሩ ንግግሩን ይቀንስ፤ ልጆቹ በቡድን ይወያዩ፣ ይጠይቁ፣ ይሥሩ፤ ትምህርቱ ተማሪ ተኮር ይሁን። ይህን በሥልጠና ሰምቶ፣ አምኖበት፣ ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ይዞ የተመለሰ መምህር ክፍል ሲገባ ፕላዝማው ለውይይት የሚተውለት ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሁለት መልካም ዕቅዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ተጣሉ። ሁለቱንም ያወጡ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «መምህሩ በትክክል ምን ያድርግ?» ብለው ቢነጋገሩ ኖሮ ብዙ ነገር ይድን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ክፉውን ብቻ ብነግራችሁ እውነቱን ማጉደል ይሆንብኛል። አንድ የመስታወት ቱቦ በሌለበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ፣ ሁለት ፈሳሽ ተዋሕዶ ቀለም ሲለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ስክሪን ላይ ነው። ልብ ደምን እንዴት እንደምትረጭ በሚንቀሳቀስ ሥዕል ያየ ልጅ አለ። ጆሮው ለእንግሊዝኛ የተከፈተለትም አለ። መምህሩ መመሪያውን ቀድሞ አንብቦ ተማሪዎቹን ባዘጋጀበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቲቶሪያል ከፍቶ የሳምንቱን ፕላዝማ በደገመበት ቦታ መሣሪያው ጠቅሟል። ልብ በሉ፤ የጠቀመው መምህሩ እጁን ባስገባበት ቦታ ነው።

መምህር ተማሪው የት እንደደረሰ እያየ ያስተምር ማለት ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕውቀት ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶችን ጠይቁ። ንባብ የዘለቀው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ታናሹን ያስተምራል። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን አምጥቶ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም እዚያው ያርሙታል፣ ያቀኑታል። በዚያ ትምህርት ቤት ዱላም ነበረ፤ ዱላውን አላወድስም። ነገር ግን የኔታ ተማሪው የት ላይ እንደቆመ ያውቃሉ። ዳዊት ያልደገመውን ልጅ ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከወር በኋላ ያልፋል፤ ሁሉም ሲያልፍ ግን ችሎ ነው የሚያልፈው።

ከፕላዝማው ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ይዳረስ የሚለው የአሜሪካ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ታብሌት ሰጠ። መምህር አልተመደበም። ካርቶኑ እንኳ እንደታሸገ ነበር የተተወላቸው፤ ባትሪው የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነው። ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ 5 ወር ሳይሞላ ደግሞ እንዳይሠራ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው አሠሩት። ወሬው ዓለምን ዞረ። በእነዚያ ልጆች እኮራለሁ፤ ማንም ሊኮራ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ማብሪያ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ያነበቡትን መረዳት፣ የተረዱትን መጻፍ፣ ሲሳሳቱ የስሕተቱን ምክንያት ማወቅ ሌላ ነው። ለዚህኛው አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ላይ ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መሣሪያ ብቻውን መምህርን እንደማይተካ በይፋ ታየ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራም ተላከ። ኢንተርኔትና ስልክ ያለው የከተማ ልጅ ተከታተለ፤ የገጠሩ ልጅ ከብት ጠበቀ።

ከዚያ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በጥብቅ ቁጥጥር የተሰጠው ማለቴ ነው። ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ሁሉ በፕላዝማ አላሳብብም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ልጆች ሳይገባቸው ከክፍል ክፍል ሲያልፉ መክረማቸውን ከዚህ በላይ የሚናገር ቁጥር አላየሁም።

ተማሪው እንደገባው የሚታወቅበት መንገድ ግን አለ፤ ለጥቂት ጊዜ ሩቅ ልውሰዳችሁ። ኤሪክ ማዙር የሚባሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር አሉ። ተማሪዎቻቸው የተመረጡ ናቸው፤ ከባዱን ስሌት ይሠራሉ። ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ተራ ጥያቄ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ተሳሳቱ። ማዙር ይህን አይተው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ንግግራቸውን እያቋረጡ ማስተማር ጀመሩ። አንድ ጥያቄ ከነምርጫው ያቀርባሉ። እያንዳንዱ ለብቻው አስቦ መልሱን ያሳያል። ከዚያ ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ይከራከራል፤ «ለምን እንዲያ አልክ?» ይባባላል። እንደገና ይመርጣል። መምህሩም ስንቱ እንደገባው በዐይናቸው ያያሉ። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መልስ መሰብሰብ ይቻላል፤ ግን ፊደል የተጻፈበት ካርድ ከፍ ማድረግም ይበቃል።

ይህ ዘዴ በእኛ ሀገር፣ 70 ልጅ ባለበት ክፍል፣ መብራት በሌለበት ቀን ይሠራል። ካርዱ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ይቆረጣል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ቁሳቁስ ከአካባቢ መሥራት ለእኛ መምህራን አዲስ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ ማበልጸጊያ ማዕከል ቆርኪና ካርቶን ሰብስበው መርጃ መሣሪያ ሲሠሩ ኖረዋል።

መሣሪያውም ቢሆን ዛሬ ተለውጧል። ትምህርቱ በስልክና በላፕቶፕ ተጭኖ ሊቀመጥ ይችላል። ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ ፌት የሚባሉ ነፃ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ፤ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የፊዚክስ መምህሯ ሁለት አምፖልና ባትሪ በስክሪኑ ላይ አገናኝታ፣ ገመዱን ከመቁረጧ በፊት ትቆማለች። «ይህን ብቆርጠው ሁለተኛው አምፖል ምን ይሆናል?» ትላለች። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ግማሹ ይጠፋል ይላል፣ ግማሹ አይጠፋም። ክርክሩ እስኪበስል ትጠብቃለች። ከዚያ ትቆርጠዋለች። በፕላዝማው ዘመን የጎደለው ይህ ነው፤ ማቆሚያው አሁን በእርሷ እጅ ነው።

እንግዲህ በትምህርት ቢሮ ያላችሁ፣ በርዳታ ድርጅት የምትሠሩ፣ በዋሽንግተንና በስቶክሆልም ሆናችሁ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ለመላክ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖቼ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከክፍሉ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። መምህሩን ጠይቁት። ሲያስተምር የሚቸገረው ምን ላይ ነው? መሣሪያው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መብራት ሲጠፋ በምን ይቀጥላል? ከምታወጡት ገንዘብ ላይ ለመምህሩ ሥልጠናና ለመለዋወጫ የሚሆነውን ቀድማችሁ ለዩ። ለዚህ የሚተርፍ ከሌለ ገንዘቡን መጽሐፍ አሳትሙበት። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት ታትመው ሳይደርሱ በሶፍት ኮፒ ነበር የተላኩት፤ ስልክ የሌለው ልጅ ያለ መጽሐፍ ተማረ።