ምርቃትና የጓዳ መድኃኒት

በአገራችን ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ «ጤና ይስጥልኝ» ይባባላሉ። ይህን ቃል ዕለት ዕለት ስለምንናገረው ትርጕሙን መርምረነው አናውቅም። ጥቂት ብናስተውለው ግን ሙሉ ጸሎት ሆኖ እናገኘዋለን። ሰጪው እግዚአብሔር ነው፤ ስጦታው ጤና ነው፤ ለማኙም ሰላምታ አቅራቢው ራሱ ነው። እንዲሁም «መድኃኒት» የምንለው ቃል «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የግሡ ፍቺ «ዳነ» ማለት ነው። ስለዚህ ዓለምን ያዳነው ጌታ መድኃኔ ዓለም ሲባል፣ የሆድን ሕመም የሚያሽረው ቅጠልም መድኃኒት ይባላል። አባቶቻችን የነፍስንና የሥጋን መዳን በአንድ ቃል መጥራታቸው በከንቱ አይደለም።

እኛም በዚህ ጽሑፍ በኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ቤት ውስጥ ምርቃትና መድኃኒት እንዴት አብረው እንደ ኖሩ፣ ከመድኃኒቱም የትኛው እንደ ሰነበተና የትኛው እንደ ጠፋ፣ የጠፋበትም ምክንያት ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ልንገልጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ምርቃቱን እንመልከት። ሰው ከመኝታው ሲነሣ «እንደምን አደርህ» ቢባል፣ ደኅንነቱን ከመናገሩ በፊት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ያነጠሰውን «ይማርህ» ይሉታል፤ እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። በሥራ ላይ ያሉትን መንገደኛው «እግዚአብሔር ያበርታችሁ» ሳይላቸው አያልፍም። ከማዕድ የተነሡ ሽማግሌ ወጡን የሠራችውን ሴት «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብለው ይመርቋታል። ልጅ ውሃ አቅርቦ ቢያስታጥብ «እደግ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ይባላል፤ እርሱም ጐንበስ ብሎ «አሜን» ይላል። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ከገንፎው ሳትቀምስ አስቀድማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች። የታመመው ሲነሣም «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይባላል።

እነዚህን ቃላት በአንድነት ስናያቸው አንድ ነገር ይገለጥልናል። አብዛኛዎቹ የሚለምኑት ሀብትና ሹመትን ሳይሆን የሥጋን ጤና ነው። ሐኪም በብዙ ቀን መንገድ በማይገኝበት ዘመን ወላዲቱን ከሞት የሚለያት ጥቂት ነገር ስለ ነበረ፣ «ማረችሽ» የሚለው ቃል ያልተማሩትን ብዙዎች የሚያስታውስ ቃል ነበር። የወጥ ሠሪዋም እጅ ከወፍጮ ድንጋይና ከቀዝቃዛ ውሃ የማይለይ ስለ ሆነ፣ ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድመው የቁርጥማቱን ነገር አሰቡላት። ምርቃት የቤቱን ችግር በሚገባ የሚያውቅ ጸሎት ነው።

ይሁን እንጂ የቤቱ እመቤት በምርቃት ብቻ አልተቀመጠችም። በጓሮዋ ዳማከሴና ጤና አዳም ተክላለች፤ በጓዳዋም ፌጦና ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር አኑራለች። ዳማከሴው ለምች፣ ጤና አዳሙ ለሆድ ቁርጠት ነው። ጥቁር አዝሙዱ በጨርቅ ተቋጥሮ ለራስ ምታት ይሸተታል፤ ተልባው ሆዱ ለደረቀበት ሰው ይጠጣል፤ ጦስኝና ዝንጅብሉ ለሳልና ለጉንፋን ይሆናል።

እኛም በልጅነታችን ምች መታን በተባለ ጊዜ አያታችን ያደርጉልን የነበረው ከዐይናችን አይጠፋም። ወደ ጓሮ ወጥተው የዳማከሴ ቀምበጥ ይቀነጥሱና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እያሉ በመዳፋቸው ያሹታል። ከጭማቂው ጥቂት በአፍንጫችን ያሸቱናል፤ ግንባራችንንም በመስቀል ምልክት ይቀቡናል፤ የቀረውን በቡና ስኒ ጨምቀው ካጠጡን በኋላ በጋቢ ይሸፍኑናል። ላብ ያጠመቀን እንደ ሆነ «እግዜር ማረህ ልጄ» ይላሉ እንጂ «ቅጠሌ አዳነህ» አይሉም። ስንጠይቃቸውም «ቅጠሉ ምክንያት ነው፤ የሚያድነው እርሱ ነው» ብለው ይመልሱልን ነበር። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ካልተወ ጠበል ያስመጡ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ከተከፈተም በኋላ እኛን ወደዚያ ለመውሰድ አልዘገዩም። መድኃኒቱን የሚያድነው እርሱ ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን ከቅጠል ወደ መርፌ መለወጥ ለእርሳቸው ሃይማኖትን መለወጥ አልነበረም።

ይህ የጓዳ ጥበብ ከጥንት እንደ ተገኘ ሳይለወጥ የኖረ የሚመስላቸው አሉ። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ ቡናን እንውሰድ። በሰሜኑ ደጋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና መጠጣት ለረጅም ዘመን የእስላም ልማድ ነው ተብሎ ሲነቀፍ ኖሮ፣ በክርስቲያኑ ቤት በሰፊው የተለመደው በተለይ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ነው። ዛሬ ግን ከቡናው ሳይቀመስ የማይመረቅ ቤት ጥቂት ነው። ሦስተኛው ስኒ «በረካ» መባሉም ቃሉ ከዐረብኛ የመጣና በረከት ማለት መሆኑን ያሳያል። ለጉንፋን ቅጠሉን ቀቅለን የምንታጠነው ባሕር ዛፍም በአገራችን ያልነበረ፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ዛፍ ነው። እናቶቻችን የሚጠቅመውን ባዩ ጊዜ እንግዳ ነው ብለው አልጣሉትም።

ይህንኑ የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ ኅዳር 12 ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ። ቀባሪ ጠፋ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ በከተማው ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም የሞቱ ነበሩ። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ቀን ቤቱ ይጠረጋል፤ ጥራጊው በየደጁ ተከምሮ ይቃጠላል፤ ይህም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጢሱ በሽታን ያባርራል ማለት ዛሬ ባያስኬድም፣ ቤትንና ደጅን ከጉድፍ ማጽዳት ግን ከጸሎት ጋራ የተላለፈ መልካም ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። የአገራችን መድኃኒት ሁለት ዐይነት ጠባይ ነበረው፤ አንዱ የገሃድ፣ ሁለተኛው የምስጢር ነው። የገሃዱ እንደ ምርቃት ሁሉ በአፍ የሚነገር፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያካፍለው ነው። ዳማከሴ የሌላት ሴት ከጎረቤቷ አጥር ቀንጥሳ ብትወስድ ማንም አይከለክላትም። የምስጢሩ ግን «መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል» ተብሎ የሚሸሸግ ነው። አዋቂው ሰው ሳያየው ማልዶ ይቈርጣል፤ ቅጠሉ እንዳይታወቅም ደቍሶ ይሰጣል፤ ስሙን ለአንድ ልጁ የሚነግረው ምናልባት በሞቱ ዋዜማ ነው። ሞት ከቀደመው ግን ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

ከገሃዱ ወገን ኮሶን እንጥቀስ። በአገራችን ጥሬ ሥጋ መብላት የተለመደ ስለ ሆነ፣ የኮሶ ትል የማይጐበኘው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ጌታም ሎሌም የኮሶን ዛፍ አበባ አድርቆና ወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጦ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም። ይህ በሁሉ ቤት በገሃድ የሚደረግ ነገር ስለ ሆነ ከእንግዳ ዐይን አላመለጠም። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1769 ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ዛፉ ጽፎ በእንግሊዛዊው ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ዛሬ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራበት ስም ደግሞ ከጀርመናዊው ከሀገን የተወሰደ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመትም ኮሶ በኤውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ሰው፣ አበባውን ስንት ዘመን ሲወቅጡ የኖሩት እናቶች ስማቸው ከወዴት አለ? ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን አጭር ነው፤ የጻፈ ስሙን አኖረ።

የእንዶድም ታሪክ ከዚህ ይመሳሰላል፤ ፍጻሜው ግን የበለጠ ደስ ያሰኛል። እንዶድ እናቶቻችን ፍሬውን ደቍሰው ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡበት፣ ከሳሙና በፊት የነበረ የቤት ዕቃ ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ወደ ሰው አይደርስም። ስለዚህ እንዶዱ ቀንድ አውጣውን መግደሉ ለብዙ አገር ሕዝብ የሚጠቅም ምልክት ሆነ። ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላም እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልብስ አጣቢዎቹ እንዶዳቸውን በጨለማ ደብቀው ቢሆን ኖሮ፣ ሊቁ ምን ባዩ ነበር?

ከምስጢሩ ወገን ደግሞ የምናውቀውን አንድ ነገር እንንገር። ባደግንበት ቀበሌ የእብድ ውሻ መድኃኒት ያውቃሉ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ይሄዳል፤ ከሚሄዱትም ብዙዎቹ በደኅና ይኖሩ ነበር። ሽማግሌው በድንገት ሲሞቱ ሀገሩ ለሰውየውም ለመድኃኒቱም አለቀሰ። እኛ ግን አድገን ነገሩን ስንመረምረው ኀዘናችን ሁለት እጥፍ ሆነ። የሚነክስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያበደውም የነከሰው ሰው ሁሉ አይታመምም። በሽታው ከጀመረ በኋላ ግን የሚድን የለም ለማለት ይቻላል፤ ከሞት የሚያስጥለው ሳይዘገዩ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ማጠብና ክትባት መውሰድ ነው። ፓስተርም ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው በ1885 ነበር። እንግዲህ የሽማግሌው ቅጠል ስንቱን አድኖ፣ ስንቱንስ ከክትባት አዘግይቶ ገድሎ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ምስጢር ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ስሕተትንም ይሸሽጋል። ገሃድ የወጣ ነገር ደጉም ክፉውም ይታያል፤ የተደበቀ ግን አይታረምም።

ደግሞም የእናቶቻችን ነገር ሁሉ ደኅና ነበር ማለት አይገባንም። የሕፃን እንጥል ማስቈረጥና የወተት ጥርሱን ሳይወጣ በስለት ማስነቀል ስንቱን ሕፃን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ አሳልፎ ሰጥቷል። ኮሶም ቢሆን መጠኑ ካለፈ ዐይንን የሚጐዳ፣ ነፍስንም የሚያሳልፍ ነው። እነዚህንም የሚያደርጉት ልጃቸውን የሚወዱና «ማርያም ታሳድግልኝ» እያሉ የሚሳሱ እናቶች ነበሩ። ፍቅርና ምርቃት ብቻቸውን መጠንን አያስተምሩም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቀድሞ ዘመን ደብተሮች መጽሐፈ መድኃኒት የሚባሉ የብራና መጻሕፍት ጽፈው ነበር፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹን ማርሴል ግሪዮልና ስቴፋን ስትሬልሲን በውጭ አገር አሳትመዋቸዋል። የጓዳው ጥበብ ግን አብዛኛው ዛሬም በብራና ሳይሆን በአሮጊቶች ልብ ተጽፎ ይገኛል። ያ ብራና ደግሞ በየቀኑ ይቀበራል። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን፣ ተማሪውም ለዕረፍት ወደ ሀገሩ ሲገባ አያቱን ይጠይቅ። የቅጠሉን ስም፣ ሥሩ ይሁን አበባው፣ መጠኑ ስንት እንደ ሆነ፣ የጠቀመውን ብቻ ሳይሆን የጐዳውንም ይጻፍ። የተጻፈው ወደ ምርመራ ሚዛን ይውጣ፤ የሚጠቅመው ይያዝ፣ የሚጐዳው ይተው።

ምርቃታችን ያልጠፋው ሁሉ ስለሚሰማው፣ የሰማውም ሁሉ ለሌላው ስለሚያወርሰው ነው። ዕውቀታችንንም እንደ ምርቃታችን ጮክ ብለን ብንናገረው፣ ከአንድ ቤት ወደ ሁሉ ቤት ይደርስ ነበር። እጃቸውን ቁርጥማት ሳይፈራ ስንት ዘመን ወቅጠው፣ ጨምቀውና አሽተው ላሳደጉን እናቶች ልንከፍለው የሚገባን ዕዳ ይህ ነው። በሕይወት ላሉት ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ያረፉትንም ነፍስ ይማር።